ቆማ የመጣች ሰዓት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018

ጠዋት ገና ቁርስ ሳልበላ አንዲት ሴትዮ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው በሬን አንኳኩ። ፒያሳ የነበረችው ሱቄ ከፈረሰች ወዲህ የምሠራው ጉለሌ፣ መኖሪያ ቤቴ ውስጥ ነው። ደንበኛም እየጠየቀ ነው የሚመጣው። ጋቢው ሲገለጥ የግድግዳ ሰዓት ሆነ። ቁመቱ ክንድ ከስንዝር ይሆናል፤ ሣጥኑ ጥቁር ቡናማ ነው። አናቱ ላይ የተቀረጸ ዘውድ ነበረው፤ የዘውዱ ግራ ጎን ግን ተገምሶ ጠፍቷል።

"የአባቴ ናት" አሉኝ። እንደ ሰው ነው የሚጠሯት። "አባባ ካረፉ ወዲህ ቆማለች። ከዚያ በፊትም ቢሆን አመሏ ተበላሽቶ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ላይ አሥር ትደውላለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ዝም።"

ከዚያ ደንበኛ ሁሉ የሚለውን አሉ፤ "እንደ አዲስ ያድርጉልኝ፣ ወንድሜ። ትብረቅረቅ።"

"እህቴ፣ እንድትሄድ አደርጋታለሁ። ማብረቅረቁን ግን እንነጋገርበታለን" አልኳቸው። ደስ አላላቸውም። አንድ ወጣት ሆዷን ባዶ አድርጎ የባትሪ ሞተር ሊያስገባላቸው፣ ያውም በአንድ ቀን ሊጨርስላቸው ተስማምቶ እንደነበር ነገሩኝ። እምቢ ያሉት "በባትሪ አትደውልም" ስላላቸው ብቻ ነው። ደወሏ አተረፋት ማለት ነው።

ቀጠሯችን ለታኅሣሥ 11 ነው። በማግሥቱ የአባታቸው ሙት ዓመት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

እሑድ አልሠራም፤ ማየት ግን ሥራ አይባልም። ካቻቪቴ ከማንሣቴ በፊት አንድ ቀን እንዲሁ ማየት ልማዴ ነው። ሠላሳ ዓመት የጽሕፈት መኪና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወደ ሰዓት የዞርኩት መኪናዎቹ ሲያልቁ ነው። የጽሕፈት መኪና ባለቤት ነገ የሚጻፍ ደብዳቤ ስላለው ፈጣን እጅ ይወዳል። አሮጌ ሰዓት ግን ፈጣን እጅ ያስቀይማታል፤ ይህን የተማርኩት ብዙ ካስቀየምኩ በኋላ ነው።

ግድግዳ ላይ ሰቀልኳትና ፔንዱለሟን ገፋ አደረግኩት። ቀጭ ቋ… ቀጭ ቋ… ቀጭ ቋ… አንካሳ ናት። በአንዱ እግሯ ቶሎ፣ በሌላው ዘግይታ ትረግጣለች። ጥቂት እንዲህ ካነከሰች በኋላ ቆመች።

ፊቷን አንሥቼ ከየአቅጣጫው በስልክ ፎቶ አነሣኋት። ከኋላ፣ የናሱ ሰሌዳ ላይ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ተመቷል፤ መሐሉ ላይ "ጄ" የምትባለው የላቲን ፊደል አለች። ዩንግሃንስ ናት። ኤርሃርድ ዩንግሃንስ እ.ኤ.አ. በ1861 ሽራምበርግ ላይ፣ ጀርመኖች ጥቁር ደን በሚሉት አገር፣ የመሠረተው ፋብሪካ ልጅ። ከኮከቡ ሥር ደግሞ "ቢ 27" ይላል፤ የ1927 ሁለተኛ አጋማሽ ማለት ነው። በእኛ 1919 ማለቂያ ወይ 1920 መግቢያ። ራስ ተፈሪ ገና ንጉሥ አልተባሉም።

የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ሲጎረጉር ቆይቶ "ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነቷ እኮ ብዙም አታወጣም" አለኝ። ልክ ነው። የፋብሪካ ሥራ ናት፤ እንደሷ ያሉ በብዙ ሺህ ተመርተዋል፤ ሙዚየምም አይፈልጋትም። ዋጋዋ ትንሽ ነው ተብሎ ግን ሥራ አይናቅባትም። እንዲያውም የሚበላሹት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ውዱን ሰዓት ሁሉም ፈርቶ ነው የሚነካው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ፈታኋት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሞላዎቹን ማስተንፈስ ነው። ሞላ ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው፤ "ሰዓት ሞላሁ" ስንል ደግሞ ቃሉ የራሳችን ነው። ሁለቱ ምንም ሳይዛመዱ ሰዓት ሆድ ውስጥ ተገናኝተው "ሞላውን ሞላሁት" ያሰኙናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ሁለት ሞላ አላት፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መደወያ። ሁለት ሳምንት የሚያስኬድ ጉልበት በአንድ የብረት ጥቅልል ውስጥ ታምቆ ይቀመጣል። ሰዓት በጀመርኩበት ዓመት ይህን ዘንግቼ የሰሌዳውን ብሎኖች ቀድሜ ፈታሁ። ሞላው ሲፈነዳ ከአንዱ ማርሽ ሦስት ጥርስ፣ ከእኔ የአውራ ጣቴን ጥፍር ይዞ ሄደ። ጥፍሩ በቅሏል። አሁን መሙያውን ቁልፍ በመዳፌ ጨብጬ፣ ጥርሱን የያዘችውን ትንሽ ምላስ በሌላው እጄ ከፍ አደርግና ጉልበቱ በጣቶቼ መሐል እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ እንዲወጣ እለቀዋለሁ። መዳፍ ያቃጥላል። ግን እንደዚያ ነው።

የውስጧ ነገር አሳዘነኝ። ዘይቱ ጠቁሮ ሬንጅ መስሏል፤ ጥርሶቹ ሳይቀሩ ተቀብተዋል። የሰዓት ማርሽ ጥርስ ዘይት አይቀባም። ዘይት ጥርስ ላይ ከዋለ አቧራውን ይይዝና ሞረድ ይሆናል። የመደወያው መዶሻ አንገቱ ላይ ተሰብሮ በሊድ ተበይዷል፤ ብየዳው የታኘከ ማስቲካ ይመስላል። አንድ ቦታ በቀጭን ስፒል ፋንታ የጫማ ሚስማር ገብቷል። የባሰው ግን ሰሌዳው ላይ ነው፤ የሦስት ቀዳዳዎች ዙሪያ በሹል ብረት ተወጋግቷል። ቀዳዳ ተበልቶ ሲሰፋ ዙሪያውን ደብድቦ ናሱን ወደ መሐል መግፋት የሰነፍ ብልሃት ነው። ቀዳዳው እንደገና ይሰፋል፤ ንቅሳቱ ግን ሰሌዳው እስካለ ይኖራል።

"ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?" አለ ልጁ።

ዝም አልኩ። ከዛሬ ሃያ ዓመት በፊት እኔም እንዲያ አድርጌ አውቃለሁ።

ካርቶን ላይ የሰሌዳዎቹን ቅርጽ ስዬ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው ሰካሁ። ብሎን ሁሉ አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ ከጠዋት ጀምሮ ጭስ ነው፤ የየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፤ ይህች ሰዓት ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቆይታ ነው የተሠራችው። ክፍሎቿን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ሰፌድ ደፋሁባቸው። መስኮቱንም ዘጋሁ። ሥራ የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ቀኑን ሙሉ ሳጥብ ዋልኩ።

መጀመሪያ ነጭ ጋዝና ብሩሽ፣ ከዚያ ንጹሕ ቤንዚን፣ ከዚያ የደረቀ ጨርቅ። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ቢዘፈዘፍ ናሱን ወርቅ አስመስሎ የሚያወጣ ፈሳሽ እንዳለ ነገረኝ። አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አድርጌው ሰሌዳው እንደ አዲስ የቧንቧ ራስ ፏ ብሎ ወጣ፤ ባለቤቱ ተደሰተ፤ እኔ ግን ሰዓቷን አላወቅኳትም። ቆሻሻ ሌላ፣ የናስ ዕድሜ ሌላ። ቆሻሻው ይወገድ፤ ዕድሜውን ምን አድርጎን ነው የምናነሣው? ደግሞም ናስ በተወለወለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተላጠ ነው። ኮከቡና "ቢ 27" የምትለዋ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከተወለወሉ አይኖሩም።

ለቀዳዳዎቹ መፋቂያ ነው የምጠቀመው። አዎ፣ የጥርስ መፋቂያ፤ የወይራው። ፈረንጆቹ ለዚሁ ሥራ የሚያዘጋጁት የእንጨት ዘንግ አላቸው፤ የእኛው ወይራ ግን ጠንካራ ነው፤ ሲቀረጽ ይሾላል፤ ናስ አይቧጭርም። ጫፉን በምላጭ አሹለህ ቀዳዳው ውስጥ ታሽከረክረዋለህ፤ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ትቀርጸዋለህ፣ እንደገና ትከታለህ። ነጭ እንደገባ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። አንዱ ቀዳዳ ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ አስቀረጸኝ። አራት መፋቂያ ጨረስኩ፤ ደጃፍ ላይ መፋቂያ የምትሸጠው ልጅ "አባባ፣ ጥርስዎ በጣም ይፀዳል ማለት ነው" አለችኝ።

የእንዝርቶቹን ጫፍ በማጉያ መነጽር አየሁ። (ማርሹ የተሰካበትን ቀጭን ዘንግ እኔ እንዝርት ነው የምለው።) ሁለቱ ተቦርቡረዋል። ለጀማሪ የማይገባው ነገር ይህ ነው፤ እንዝርቱ ብረት፣ ቀዳዳው ናስ ሆኖ ሳለ ጠንካራው ብረት ይበላል። ምክንያቱም ናስ ለስላሳ ስለሆነ አቧራውን ውጦ ይይዘዋል፤ የያዘው አቧራ ደግሞ ብረቱን ዓመት ከዓመት ይሞርደዋል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

የቀዳዳ ቀን። ዓይኔ ደክሟል፤ ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

ሰዓት ስትሄድ እያንዳንዱ ማርሽ ቀጣዩን ስለሚገፋው እንዝርቱ ቀዳዳውን በአንድ ወገን ብቻ ይበላዋል። ክብ የነበረው እንቁላል ይሆናል። ያኔ ማርሾቹ ይራራቃሉ፤ ጥርስ በጥርስ ጫፍ መንካት ይጀምራሉ፤ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ሰዓቷ ትቆማለች። መድኃኒቱ ቀዳዳውን አስፍቶ የናስ ቀለበት ማስገባትና በቀለበቱ መሐል አዲስ ቀዳዳ መክፈት ነው። ሲናገሩት ይቀላል። እንቁላሉን ዝም ብለህ ካሰፋኸው መሣሪያው የተበላውን ወገን ተከትሎ ይሄድና አዲሱ መሐል ከድሮው መሐል ይሸሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ያልተበላውን ወገን በቀጭን ሞረድ፣ የተበላውን ያህል፣ ሆን ብለህ ትበላዋለህ። ጤነኛውን አቁስለህ ከታመመው ጋር ታስተካክለዋለህ። ከዚያ በኋላ ነው ማስፋት የሚመጣው።

ማስፊያዬ አምስት ጎን ያለው፣ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ የብረት ዘንግ ነው። በእጅ፣ በሁለት ጣት፣ ትንሽ አዙሮ ማየት፣ ትንሽ አዙሮ ማየት። በትራፓኖ አይሆንም? ይሆናል፤ ሰሌዳ ያበላሸሁት ግን ሁልጊዜ በትራፓኖ ነው። ቀለበቱን ከውስጥ በኩል ገፍቼ አስገባሁ፤ የተረፈውን ከሰሌዳው ጋር እኩል አደረግኩ። ከዚያ እንዝርቱ ገብቶ በነፃ እስኪሽከረከርና ትንሽ ወዲያ ወዲህ ዘንበል እስኪል ድረስ ቀዳዳውን ከፈትኩ። ዘንበል ካላለ ጠብቋል። ብዙ ዘንበል ካለ ደግሞ ድካምህ ከንቱ ነው።

የተቦረቦሩትን የእንዝርት ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት አልነካሁም። በጠንካራና ልሙጥ የብረት ዘንግ፣ በዘይት እየታሸ ካልሆነ በቀር ጫፍ አይለሰልስም፤ ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ፍርፋሪውን እዚያው ይተዋል።

ከአሥራ አራቱ ቀዳዳዎች አራቱን ብቻ ነው የሠራሁት። ስድስቱ ደህና ናቸው። አራቱ ደግሞ ትንሽ ተበልተዋል፤ ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ ተውኳቸው። ልጁ "ከከፈትናት አይቀር ሁሉንም ብናደርጋቸውስ?" አለ። ማድረግ ይቻላል። ግን ያስገባሁት ቀለበት ሁሉ ከዩንግሃንስ ናስ ላይ የተቆረጠ ነው፤ የተቆረጠ ናስ አይመለስም። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ የሚሠራበት ቦታ ልተውለት።

የመዶሻውን አስቀያሚ ብየዳም ተውኩት። ለማንሣት እሳት ይፈልጋል፤ እሳቱ ቀጭኑን ዘንግ ያልመዋል። ያስጠላል፤ ይይዛል። ሚስማሩን ግን አወጣሁት፤ ሰሌዳውን እየገፋ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ሴትዮዋ ከጽዮን ንግሥ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ሣጥኑ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ገና አልተነካም። ፊታቸው ጠቆረ።

"ቫርኒሽ እንኳ አልቀቡትም?"

"አልቀባም፣ እህቴ።"

ተከራከርን። እሳቸው ማደስ ይሉታል። እኔ መጠገን እለዋለሁ። ሲታደስ የድሮው ይሄዳል፤ ሲጠገን የድሮው ይሠራል። ለማሳየት ከሣጥኑ ጀርባ ጥግ ላይ አልኮል ያስነካሁት ጥጥ አሻሸሁ፤ ጥጡ ቡናማ ሆነ። የድሮው ቀለም በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ ነው፤ በላዩ ላይ የዛሬውን ቫርኒሽ ብንለቅበት ማንም ሳያቆስለው ሊያነሣው አይችልም። ሰም በቂ ነው አልኳቸው፤ ንጹሕ የንብ ሰም፣ በለስላሳ ጨርቅ። ጭረቶቹስ? ጭረቶቹ ይቀራሉ።

አልተዋጠላቸውም። ያኔ በሩን ከፍቼ ውስጡን አሳየኋቸው። እኔም ያየሁት ማክሰኞ ነው። በበሩ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት ተደርድሯል፤ "ዘይት፣ መጋቢት 3 ቀን 1953"፤ "የመደወያው ሞላ ተለወጠ፣ ሚያዝያ 1958"፤ "ቆመች፤ ግድግዳው ዘሞ ነው"። እንዲህ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። መሐል ላይ አንዲት መስመር ብቻ ስለ ሰዓቷ አታወራም፤ "ሌሊት 8 ሰዓት ከሩብ፤ ወንድ።"

መነጽራቸውን አወጡ። ብዙ ቆዩ። የአባታቸውን ጽሕፈት በጣታቸው ሊነኩት ሲሉ ተዉት።

"ይኼ ወንድሜ ነው፤ አሜሪካ ያለው" አሉ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ድጋሚ አነበቡና ሳቃቸው መጣ። "የእኔን አልጻፏትም እኮ! ሴት ስለሆንኩ ነው!"

ሰም ይሁን አሉ። የቫርኒሹ ነገር በዚያው አለቀ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

የዘውዱን ጎዶሎ ከዋንዛ ቀርጬ ሞላሁ። ያጣበቅኩት ከቆዳ በሚፈላው ሙጫ ነው፤ በሙቅ ውኃ ይለቃል፤ ወደፊት የተሻለ እጅ ከመጣ ሥራዬን ሳይሰብር ያነሣዋል። ከጀርባው በእርሳስ "2018" ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙን ከቀኙ ጋር አቀራረብኩት እንጂ አንድ አላደረግኩትም። ከሦስት እርምጃ አይለይም፤ ከቅርብ ላየው ሰው ይለያል።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ገጣጠምኳት። ሰሌዳው ከመዘጋቱ በፊት አሥራ ምናምን የእንዝርት ጫፍ በአንድ ጊዜ ቀዳዳውን ማግኘት አለበት፤ አንዱን ስታስገባ ሌላው ይወጣል፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይሰብራል። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ በየቀዳዳው ዙሪያ ላለችው ጎድጓዳ ግማሽ ያህል ብቻ።

አሁን ደወሉ። ሦስት ሰዓት ላይ አሥር የምትለው ለምን እንደሆነ ልጁን አስረዳሁት። ይህች ሰዓት ስትደውል ጠቋሚዋ የት እንዳለ አታውቅም። ርቀታቸው የተለያየ ጎድጎዶች ያሉበት አንድ ማርሽ አላት፤ እሱ ካለፈው ደወል ቀጥሎ ያለውን ብቻ ይቆጥራል። ዘጠኝ ብላ ከነበረ ቀጣዩ አሥር ነው፤ ጠቋሚው የፈለገበት ይሁን። የመደወያው ሞላ አልቆ የመሄጃው ከቀጠለ ወይም ሰው ጠቋሚውን ቸኩሎ ካዞረው ሁለቱ ይጣላሉ። አልተበላሸችም፤ ተለያይተዋል። ማስታረቂያውም ቀላል ነው፤ ማስነሻዋን ትንሽ ዘንግ በጣት ከፍ እያደረጉ እስኪስማሙ ድረስ ማስደወል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ የሰዓቱ 78፣ የግማሹ 12፣ በድምሩ 90 ጊዜ ትመታለች። ዛሬ ጎረቤቶቼ ሁሉንም ሰምተዋል።

"በሀበሻ ነው በፈረንጅ የምንሞላት?" አለ ልጁ። ፋብሪካው ይህን ጥያቄ አላሰበውም። በፈረንጅ ብንሞላት እኩለ ቀን ላይ አሥራ ሁለት ትመታለች፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ስድስት ሰዓት ነው የሚለው። ዓይን ተቃራኒውን ማንበብ ይለምዳል፤ ጆሮ ግን ስድስት ቀንሶ አይሰማም። የበሩ ጀርባ መልሱን ይዟል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ከሩብ የሚል አባት ሰዓቱን በፈረንጅ አይሞላም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

አራት ቀን ሙሉ ሄዳለች፤ ግን በየቀኑ ከሁለት ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ትቀራለች። ሲመሽ ፔንዱለሙን አውርጄ በማጉያ ሳየው ምክንያቱን ራሱ ጽፎልኝ አገኘሁ። ከታች፣ ክብደቱን የምትሸከመው ትንሽ ብሎን በምትሄድበት ዘንግ ላይ፣ የተፋተገ ጠባብ ቀለበት አለ። ብሎኗ ለብዙ ዓመት የተቀመጠችው እዚያ ነው። አሁን ያለችው ከዚያ ዝቅ ብላ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። አንድ እጅ አውርዷታል።

ይህች ትንሽ ልዩነት ብዙ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሰማይ ተመራማሪ ከፓሪስ ወደ ካየን፣ ምድር ወገብ አጠገብ፣ ሲሄድ የፔንዱለም ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀረበት። ሰዓቱ ደህና ነበር። ምድር ስለምትሽከረከርና ወገቧ ላይ ወፈር ስለምትል ስበቷ እዚያ ይላላል፤ ስበት ሲላላ ፔንዱለም ይዘገያል። ኒውተንም በኋላ ይህን ጠቅሶ ተከራክሮበታል። አዲስ አበባ ደግሞ ዘጠነኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ ያውም ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ። ሽራምበርግ ላይ በልኩ የተስተካከለ ሰዓት እዚህ ሲሰቀል በቀን ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ገደማ ይጎትታል። 25 ሳንቲሜትር ለሚሆን ፔንዱለም መድኃኒቱ 0.8 ሚሊሜትር ማሳጠር ነው።

አባትየው ሪሼን አያውቁ ይሆናል። ብሎኗን ግን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ የአዲስ አበባን ስበት አግኝተዋታል። ዘንጉን ወልውዬው ቢሆን ያቺ ቀለበት ኅዳር 15 ቀን ከነጭ ጋዙ ጋር ሄዳ ነበር።

ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

በቀን ሃያ ሰከንድ ያህል ትቀድማለች። ለዕድሜዋ አይከፋም፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

ራሴ ወስጄ ሰቀልኳት። ሚስማሩ የድሮው ነው፤ ግድግዳውም እንደተጻፈው የዘመመ ነው። ሰዓት በውኃ ልክ አይደለም የሚሰቀለው፤ በጆሮ ነው። ሣጥኑን በፀጉር ልክ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያልኩ አዳመጥኩ። ቀጭ ቋ… ቀጭ ቋ… ከዚያ ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ፣ ቋ። እግሮቿ እኩል ሲሆኑ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዝም አሉ።

ለሴትዮዋ ሦስት ነገር አዘዝኳቸው። በየእሑዱ ሁለቱንም ሞላ ይሙሉ። ጠቋሚውን ወደ ኋላ አያዙሩ። ሦስተኛውን ለማንም አሮጌ ሰዓት ላለው ሰው እላለሁ፤ ቆመች ብላችሁ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አታጠጧት፤ የምግብ ዘይትማ ጭራሽ። የቆመች ሰዓት አልተጠማችም። ቆሽሻለች ወይ ዘማለች።

ከበሩ ጀርባ፣ ከአባትየው የመጨረሻ መስመር በታች፣ በእርሳስ ጻፍኩ፤ "ታኅሣሥ 2018፤ ታጠበች፤ አራት ቀለበት።" ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው። እርሳሱን ተቀበሉኝና ከእኔ ጽሑፍ ቀጥሎ የራሳቸውን የልደት ቀን ጻፉ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ስልክ ተደወለ፤ "ወንድሜ፣ ቆመች።" ሄድኩ። የሙት ዓመቱ ዕለት ወንበር ሲያሸጋሽጉ አንዱ በትከሻው ገፍቷት ኖሯል፤ ሰባት ቀን አንክሳ ሄዳ ዛሬ ጠዋት ነው የደከማት። በአንድ ጣት ወደ ግራ መለስኳት። የተሰበረ ነገር፣ የተፈታ ብሎን የለም፤ ገንዘብም አልተቀበልኩም።

ስድስት ሰዓት ስትደውል ሁለተኛውን ቡና እየጠጣን ነበር። ጋቢያቸው ግን እስካሁን እኔ ቤት ነው።